ከዶቃዋ ወዲያ የተቋጠረው ሽቦ

እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ዛሬ መቂ ሴት ልጄ ዘንድ ሽንኩርት ስለቅም፣ ነገ ባቱ እህቴ ቤት ነኝ። ወንዱ ልጄ ናዝሬት ባለችው ቤቴ የሌባ አላርም የገጠመልኝ ለዚሁ ነው። ሥራውም ይኸው ነበር፤ ከዱከም ፋብሪካዎች እስከ ላንጋኖ ሆቴሎች ሽቦ ሲዘረጋ ኖሯል። ስሄድ የሚያበራው፣ ስመለስ የሚያጠፋው እሱ ነው።

የበሩን መከፈት የሚለየውን ማግኔት በሩ ላይ ሲያስር መሰላል ያዝኩለት።

"እማዬ፣ መብራቱ በሽቦው ሄዶ ይመለሳል። በር ሲከፈት መንገዱ ይቋረጣል፤ ያኔ ይጮኻል።"

"ሌባው ሁለቱን ሽቦ ቢያገናኘውስ?"

ሳቀ። "አንቺ ሌባ ብትሆኚ እንጀራዬን ዘግተሽው ነበር!"

የስንዴ ፍሬ የምታክል፣ ባለቀለም ነገር አሳየኝ። እኔ ዶቃ አልኳት። ሌላው ሠራተኛ ድካም ሽሽት አላርሙን የሚያዘው ሳጥን ውስጥ ይከታታል፤ እሱ ግን ሽቦው መጨረሻ፣ ማግኔቱ ሥር አደረጋት።

"ከዶቃዋ ወዲህ፣ በሳጥኑ በኩል፣ ሽቦውን የሚያገናኝ ሰው ይጮኽበታል።"

"ከዶቃዋ ወዲያስ?"

"ያኔማ በሩ የተዘጋ ይመስለዋል፤ አይጮኽም። እሱን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን።"

መቂ ሳለሁ ወንዱን ልጄን መኪና ገጭቶ ገደለብኝ።

የለቅሶ ቤት በር አይዘጋም። ለቀስተኛው ገና በሩን ሲከፍት አላርሙ ጮኸ፤ ማጥፊያ ቁጥሩን ደግሞ ልጄ ይዞት ሄዷል። ጎረቤቴ፣ የአርሲው ባለሱቅ፣ ጆሮውን ይዞ መጣ።

"አዴ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ሌባ መሰለ! ልበጥሰው?"

"ብትበጥሰው ይብስበታል።"

ሳጥኑ ጋ ሽቦዎቹን ልጦ አገናኛቸው። ያው ጩኸት። ያን ጊዜ በገዛ አፌ፣ "ከዶቃዋ ወዲያ ቋጥረው" አልኩት። ቋጠረው። አላርሙ ዝም አለ። ልጄ ያስተማረኝን ነገር የገዛ ሥራውን አፍ ለማስያዝ አዋልኩት።

አርባው ወጥቶ መቂ ስሄድ ቋጠሮውን ረሳሁት። ልዋሽ አይገባም፤ አልረሳሁትም፣ እጄ ለመፍታት አልታዘዝ ብሎኝ ነው። በጠራራ ፀሐይ ሌባ በቤቴ በር ገባ። ቴሌቪዥኑን ይውሰደው። ግድግዳው ላይ የሰቀልኳትን የልጄን የሥራ ቦርሳ ነው የወሰደብኝ፤ ፒንሳው፣ ካቻቪቴው፣ እጁ ያወዛው ሁሉ። ሳጥኑ ላይ አረንጓዴዋ መብራት፣ ምንም እንዳልሆነ፣ በሩ ተዘግቷል እንዳለች ነበረች።

የልጄ የሥራ ጓደኛ አላርሙን ሊያይ መጣ።

"እማማ፣ ይሄን ማን ቋጠረው?"

"እኔ ነኝ ያስቋጠርኩት።"

"ማን አሳየዎት?"

"የሠራው።"

ቀና ብሎ አላየኝም። "ልፍታው?"

መሰላሉን ያዝኩለት። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ስለነበር ቋጠሮው ሲፈታ አላርሙ ጮኸ። ባለሱቁ ከነሚዛን ድንጋዩ ሮጦ መጣ። ጓደኛው ሊያጠፋው ወደ ሳጥኑ እጁን ሰደደ።

"ተወው" አልኩት። "ልጄ የዘረጋው ነው። ትንሽ ይጩህ።"