መርፌና ስማቸውን ያጡ ቤዝ ጊታሮች

ይህን ሰው በደንብ አውቀዋለሁ ብል ውሸታም እሆናለሁ። ሱቆቻችን አንድ ግድግዳ ከተጋሩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ግድግዳው ችፑድ ስለሆነ ሳሉንም ፉጨቱንም ከባለቤቱ እኩል እሰማለሁ። ቢሆንም የት እንደተወለደ አላውቅም፤ ስንት ወንድምና እህት እንዳለውም ጠይቄው አላውቅም። እንዲህ ያለውን ነገር ፊት ለፊት የመጠየቅ ድፍረት የለኝም። ስለዚህ የምጽፈው ያየሁትንና በግድግዳው አልፎ የመጣልኝን ብቻ ነው። የበለጠ የሚያውቀው ሰው ቢጽፈው ይሻል ነበር፤ እስካሁን ግን የጻፈው የለም።

የሰፈሩ ሰው መርፌ ይለዋል። ቀጭን ነው፤ ስሙ የወጣለት ግን በሥራው ነው። የስፌት መኪና ይጠግናል። ልብስ ሰፊዎች መኪናቸው ክር ሲበጥስባቸው ወይም አልንቀሳቀስ ብሎ ሲያስቸግራቸው ተሸክመው ይመጣሉ። እሱም ካቻቢቴውን ከማንሳቱ በፊት ጆሮውን አስጠግቶ መዘውሩን አንዴ ያዞረዋል። "ይሄ እኮ ተጠምቶ ነው፣ ዘይት ከልክላችሁት" ይላል፤ ባለቤቶቹም ልጃቸውን እንዳስራቡ ሰዎች ያፍራሉ።

ይህ የፊተኛው ክፍል ነው። መጋረጃውን ገልጦ ወደ ኋላ የዘለቀ ሰው ግን ምን ሱቅ እንደገባ ይጠፋዋል። በግድግዳው ዙሪያ ዐሥራ አንድ ቤዝ ጊታር ተሰቅሏል። ሁሉም ጃፓን ሠራሽ፣ ሁሉም ሃምሳ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ሁሉም ኮፒ ናቸው። በዚያ ዘመን ስመ ጥሮቹ የአሜሪካ ጊታሮች ለብዙ ሙዚቀኛ የማይቀመሱ ስለነበሩ፣ የጃፓን ፋብሪካዎች መልካቸውን እያዩ ተመሳሳዩን ይሠሩ ነበር። ይህን ያስረዳኝ እሱ ነው።

"እንግዲያው ዘመዶቼ ናቸው" አልኩት። የእኔ ሱቅ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው።

"አንተ ኮፒ ስታነሳ የራስህን ስም ትጽፍበታለህ?"

"አልጽፍም።"

"እነሱ ጽፈዋል። አየህ፣ ሰሪው የራሱን ስም የጊታሩ ራስ ላይ አድርጎ ነው የላከው፤ ማንንም አላታለለም። የዋሸው ከኋላ የመጣው ነው። የጃፓኑን ስም ፍቆ የአሜሪካኑን የሚለጥፈው።"

የመጀመሪያውን ጊታር ያገኘው በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። የተበላሹ መኪናዎች ሊጠግን ሄዶ፣ መስኮቱ እንዳይዘጋ በአንድ ረጅም እንጨት ተደግፎ አየ። እንጨቱ ጫፉ ላይ አራት የዛጉ ክር መወጠሪያዎች ነበሩት። ዕቃ ቤቷን የምትጠብቀውን ሴት እንድትሰጠው ቢለምናት፣ "መስኮቱን በምን ልደግፈው?" አለችው። በማግሥቱ ልኩን ዱላ ቆርጦ ወሰደላትና የጊታሩን አንገት ተረከበ። ገላውን ያገኘው ከወር በኋላ እዚያው ነው፤ የቀለም ቆርቆሮ ተቀምጦበት። ዛሬ ያ ጊታር ከሁሉም በላይ ተሰቅሏል። የቆርቆሮው ክብ ምልክት አሁንም ጀርባው ላይ አለ፤ "ዕድሜው ነው" ብሎ ሳያጠፋው ቀረ።

አሠራሩን ሳየው ከስፌት መኪና ሥራው የቀጠለ ነው የሚመስለኝ። የክሩን ንዝረት ወደ ድምፅ ማጉያው የሚልከው ፒክአፕ የሚባለው ክፍል ውስጡ ከጸጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው። ሽቦው ሲበጠስ መርፌ ጠቅላላውን ያወጣና አዲስ ይጠመጥማል፤ የሚጠመጥመውም የስፌት መኪና ክር በሚጠነጥነው ትንሽ ጎማ ነው። ስምንት ሺህ ዙር ያህል ይሄዳል። ያን ጊዜ ማንም እንዲያናግረው አይፈልግም፤ ሽቦው በትንፋሽም ይበጠሳል ይላል። እኔም በእኔ በኩል ማሽኔን አጠፋለሁ። ደንበኛ ሲመጣብኝ "መብራት ጠፍቷል" እላለሁ።

ክር ደግሞ ይቀቅላል። አሮጌ የቤዝ ክር ሲፈላ የተሰገሰገበት የጣት ላብ ይለቀውና ድምፁ ይመለሳል። የሚቀቅልበት ድስት የባለቤቱ ነው። እሷ ከመንገዱ ማዶ ጸጉር ትሠራለች፤ ምሳ ሰዓት ላይ ትመጣና ክዳኑን ትከፍታለች።

"አንተ ሰውዬ፣ ምሳ ነው ብዬ እኮ ነው።"

"ፓስታ ነው፤ ትንሽ አልበሰለም እንጂ።"

"ጎረቤት፣ አንተ ምስክር ነህ" ትለኛለች ወደ እኔ ዞራ። "ሊያገባኝ ሲመጣ ስለ ጊታር ትንፍሽ አላለም። አሁን አልጋዬ ስር አራት ተኝተዋል። እኔ ስገላበጥ እነሱ ናቸው የሚያቃስቱት።"

እንዲህ ትላለች እንጂ፣ አንድ ቀን ሰው መጥቶ ቀዩን ቤዝ ሊገዛ ሲጠይቅ ከመርፌ ቀድማ "እሱ አይሸጥም" ያለችው እሷ ናት።

የመርፌ ሕግ አንድ ነው፤ ከእጁ የሚወጣ ጊታር የተወለደበትን ስም ይዞ ይወጣል። ስሙ ተፍቆ ከሆነ ፈልጎ፣ በቀለም ስሎ ይመልስለታል። ባለፈው ዓመት አንድ የባንድ ቤዝ ተጫዋች ጥሩ ኮፒ አስጠግኖ፣ "የአሜሪካኑን ስም ለጥፍልኝማ፣ ከመድረክ በታች ማን ይለየዋል?" አለው። መርፌም "የአባትህን ስም ልቀይርልህ? ከመድረክ በታች ማን ይለየዋል?" አለው። ልጁ ተቆጥቶ ሄደ። በሳምንቱ መጥቶ ከነጃፓን ስሙ ወሰደው።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ጥግ ላይ ካለው መድኃኒት ቤት ፋርማሲስቷ በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር አቅፋ መጣች። የአባቷ ቤዝ ጊታር ነው። አባቷ በጉብዝናቸው ዘመን በሆቴል ባንድ ውስጥ ይጫወቱ ነበር። ከባንዱ በሕይወት የቀሩት አራት ናቸው፤ አራቱም በመጪው እሁድ እሳቸው ቤት ሊገናኙ ተቀጣጥረዋል።

"ክሩ ተበጥሷል፣ አንገቱ ጎብጧል፣ ድምፅም የለው" አለች። "ግን ይጠንቀቁልኝ፤ እውነተኛ የአሜሪካ ነው። አባዬ እኛን ሳይወልድ ነው የገዛው። ከልጆቹ በፊት የሚያወራው ስለሱ ነው። ትራምፔት ነፊያቸው ደግሞ አንድ ነገር ካገኘ የማይለቅ ተረበኛ ነው፤ በአርባ ዓመት ውስጥ አባዬን መሳቂያ ሊያደርግ ያልቻለው በዚህ ጊታር ብቻ ነው።"

"እስከ ቅዳሜ ይደርሳል፣ እህቴ" አላት መርፌ።

ከሰዓት በኋላ በግድግዳው በኩል ጠራኝ። አንገቱን ከገላው ጋር የያዙትን አራት ብሎኖች ፈትቶ ነበር። በመጋጠሚያው ውስጥ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ አንዲት ሰማያዊ ማኅተም አለች፤ በጃፓን ፊደል። የገላው ጠርዝም ቀለሙ በተላጠበት በኩል እንደ አሜሪካኖቹ ድፍን እንጨት ሳይሆን ኮምፔንሳቶ መሆኑ ይታያል።

"ኮፒ ነው?" አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ፤ ፋርማሲስቷ አጠገባችን ያለች ይመስል።

"ጥሩ ኮፒ ነው" አለ። ከዚያ የጊታሩ ራስ ላይ ያለውን የአሜሪካ ስም ረጅም ጊዜ አየው። "ይሄን አልነካውም። ሕግ ሕግ ነው፤ ግን ጊታሩ የእኔ አይደለም፣ ልሽጠውም አይደለም። ሌላውን ጠግኜ እንዳለ እመልሳለሁ።"

ጥሩ ውሳኔ መሰለኝ። ጥፋቱ የመጣው ረቡዕ ነው። አንገቱን አቃንቶ፣ ፒክአፑን ጠምጥሞ፣ ክሮቹን ቀቅሎ ጨርሷል። አልኮል በነካ ጨርቅ እየወለወለ ስለ አንዲት ግትር የስፌት መኪና ያጫውተኛል። እጁ በሌሎቹ ሁሉ ላይ እንደለመደው ከአንገቱ ወደ ራሱ አለፈ፤ አንዴ ወልወል አደረገው። ወሬውን አቋረጠ። ስሙ ከጊታሩ ራስ ላይ የለም፤ ጨርቁ ላይ ተጨማድዶ ተለጥፏል።

ሁለታችንም ጨርቁን አየን። ከዚያ የጊታሩን ራስ አየን። በዙሪያው እንጨቱ በዕድሜ ብዛት ቢጫ ሆኗል፤ መሀሉ ላይ ግን ነጣ ያሉ ፊደሎች ይነበባሉ። የጃፓኑ ስም ነው። ከተፋቀ በኋላም ጥላው ቀርቷል።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ፉጨት አልሰማሁም። ባለቤቱ ምሳ ሰዓት መጥታ ነገሩን ስትሰማ ተቀመጠች።

"ታዲያ መልሰህ ለጥፍበታ።"

"ጨርቁ ላይ ተጨማድዶ ቀርቷል እኮ።"

"ሌላ አሠራ። ሕግህ ለአንድ እሁድ ቢታጠፍ ምን ይሆናል? ሽማግሌው በጓደኞቻቸው ፊት ሊዋረዱ ነው።"

"በእጄ ውሸት ስለጥፍ ይታይሻል?"

"በእጅህ ያነሳኸውስ?"

እኔም ሐሳቧ ልክ መስሎኝ፣ ሱቄ ገብቼ ከአንድ አሮጌ መጽሔት ላይ የአሜሪካኑን ስም አሳንሼ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ አትሜ አመጣሁለት። ሳልጠየቅ ያደረግሁት ስለሆነ ይቅርታ እየጠየቅሁ ሰጠሁት። አገላብጦ አየና "ንጹሕ ሥራ ነው" አለኝ። ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አጠገቡ እሱ ከጥላው ገልብጦ ወረቀት ላይ የሳለው የጃፓኑ ስም ተቀምጧል። አርብ ቀኑን ሙሉ ሁለቱም እዚያው ዋሉ።

ቅዳሜ አዛውንቱ ራሳቸው መጡ። ባርኔጣቸውን ዘንበል አድርገዋል፤ ምርኩዛቸውን የያዙት ለወጉ ይመስላል። ልጃቸው ከኋላቸው ናት።

"ሴትዮዋ የት አለች?" አሉ ገና ከበሩ፤ ጊታሯን ማለታቸው ነው።

"ጋሼ፣ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ" አለ መርፌ። "ለብቻችን ብንሆን ይሻላል።"

አዛውንቱ አዩት። "ሰበርካት እንዴ?"

"አልሰበርኳትም።"

"እንግዲያው ግባ፣ ምን ያስፈራሃል።" መጋረጃውን ራሳቸው ገልጠው ገቡ።

ፋርማሲስቷና እኔ ወደ እኔ ሱቅ ሄድን። የመርፌ ባለቤትም መቀሷን እንደያዘች መንገዱን ተሻግራ መጣችና ጆሮዋን ችፑዱ ላይ ለጠፈች።

"ነውር አይደለም?" አለች ፋርማሲስቷ።

"እኔ ግድግዳውን ደግፌ ነው፤ ሊወድቅ ነው እኮ።"

የመርፌ ድምፅ ዝቅ ብሎ፣ ረዘም አድርጎ ተሰማ፤ ቃሉ አይለይም። ከዚያ ምንም። ዝምታው ሲረዝም ፋርማሲስቷ "አባዬ ደም ግፊት አለበት" ብላ ተነሳች። በሩ ጋ ሳትደርስ አንድ ነገር ተሰማ። መጀመሪያ ሳል መሰለን። የአዛውንቱ ሳቅ ነበር፤ እየወጣ፣ እየቆመ፣ እንደገና እየወጣ። ቀጥሎ መርፌ ሳቀ። የሆነ ነገር አወሩ፣ አሁንም ሳቁ። ከዚያ ወፍራሙ ክር ተመታ፤ የእኔ ጠረጴዛ ላይ ያሉት እስክሪብቶዎች ተንቀጠቀጡ። አዛውንቱ ሦስት አራት ድምፅ ፈለግ ፈለግ አደረጉና አንድ ዘፈን ውስጥ ገቡ። ጣታቸው አንዳንድ ቦታ ይሳሳታል፤ ቆም ይሉና ይመለሳሉ። የመርፌ ባለቤት ጆሮዋን ሳታነሳ በትከሻዋ ትከተላቸው ነበር።

ሲወጡ ጊታሩን ያንጠለጠሉት እሳቸው ናቸው። ራሱ ላይ የጃፓኑ ስም፣ በወርቃማ ቀለም፣ ገና እርጥብ ሆኖ ያብረቀርቃል።

"አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አለች ልጃቸው።

"ስሟ ነው።"

"የአሜሪካ አልነበረችም?"

"እኔ አሜሪካ ሄጄ አላውቅ፤ እሷ በየት በኩል ትሄዳለች?"

"ነገ ትራምፔት ነፊው ሲያይስ?"

"እሱን ለእኔ ተይልኝ። አንቺ በሩን ክፈችልኝ፤ ቀለሙ አልደረቀም።" ወደ መርፌ ዞር ብለው "አንተ ልጅ፣ እጅህ ይባረክ" አሉትና ወጡ።

ሰኞ ፋርማሲስቷ ስታልፍ ብቅ አለች። ትራምፔት ነፊው ገና ጊታሩን ሲያይ መነጽሩን አውልቆ እስኪያለቅስ ስቋል፤ ለአዛውንቱ "ጃፓን" የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። አባቷ አብረው ስቀው ሲያበቁ "ጨርሰሃል? እንግዲያው ንፋ" ብለውታል። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲጫወቱ ዋሉ፤ ከበሮ መቺያቸው በድስት ክዳን። ትራምፔት ነፊው ሲሰናበት ቤዙን እንደ ሰው አቅፎ ተሰናበተው አለች።

መርፌ እንደገና ማፏጨት ጀመረ። እኔን ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ፤ ያ ሁሉ ሳቅ ከየት መጣ? ማክሰኞ ድፍረቴን ሰብስቤ መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። አንድ የስፌት መኪና ሆዱን ከፍቶ ይመረምራል።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ?"

"ጠይቅ።"

"አዛውንቱ ከድሮውም ያውቁ ነበር? ያንን የአሜሪካ ስም የለጠፉት ራሳቸው ናቸው?"

ካቻቢቴውን አስቀመጠ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ አየኝ፤ ፊቱ ላይ ፈገግታ እየመጣ ነበር።

"እሱን አልነግርህም፤ ጋሼ አደራ ብለውኛል" አለኝ።