ሃምሳ አለቃ ሁመድ እና ባለ አንድ ሞተሯ

የታጁራው ልጅ ሁመድ አቦከር በጅቡቲ አየር ኃይል ውስጥ ዕቃ ጫኝ ሃምሳ አለቃ ነው። እኔ እዚያው ነዳጅ ቀጂ ነኝ። ሰፈራችን አንድ ስለሆነ ጠዋት በአንድ ሚኒባስ እንመጣለን፤ ከሰዓት ደግሞ ጎን ለጎን ተጋድመን ጫት እንቅማለን። ከእኔ የሚደብቀው ነገር ቢኖር ዕድሜውን ብቻ ነው።

ሁመድ ሲጭን ማየት ደስ ይላል። የሩዝ ጆንያ ይሁን የውሃ ጀሪካን በገመድ ጠፍሮ፣ "አውሮፕላኑ ቢገለበጥ እንኳ አንዲት ሽንኩርት ንቅንቅ አትልም!" ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተዋረደው። ፍየሎች ጭኖ ሳለ ገመዱን በልተው አየር ላይ ተፈቱ፤ አንዷ አብራሪዎቹ ዘንድ ገብታ ካርታ ስታኝክ ተያዘች። ያን ወሬ ያነሳበትን ሰው አንድ ሳምንት ያኮርፈዋል።

ዕድሜውን ሙሉ የሠራው በአሮጌው ባለ ሁለት ሞተር ማመላለሻ አውሮፕላን ላይ ነበር። የግራውን ሞተር ሐሰን፣ የቀኙን ሑሴን ብሎ እንደ መንታ ልጆች ስም አውጥቶላቸው፣ ከመነሳታቸው በፊት ሁለቱንም በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል። "ሐሰንን ቢያመው ሑሴን አለልን" ይላል።

አዲሶቹ አውሮፕላኖች የመጡ ዕለት ግቢው ሁሉ ወጥቶ አጨበጨበ። ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ክንፋቸው ከላይ የተቀመጠ፣ ፕሮፔለራቸው አፍንጫቸው ላይ ያለ ነጫጭ ቆንጆዎች ናቸው። ሁመድ አንዷን ዞሮ ዞሮ አያትና ወደ እኔ መጣ።

"ሌላውስ?"

"ሌላው ምን?"

"ሞተሩ ነዋ! ሑሴን የት ሄደ?"

"ያላት አንድ ነው።"

"አንድ ዓይና ግመል ገዙ በለኛ!" ብሎ ጥሎኝ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ሰበብ በሰበብ ሆነ። ዕቃውን ይጭናል፣ ያስራል፣ አብሮ መብረር ሲመጣ ግን ወይ ጉልበቱን ይቆረጥመዋል፣ ወይ ጥርሱ ይነሳበታል። ጫት ላይ እኛም አለቀቅነው።

"ሁመድ፣ ልብህስ ስንት ናት? አንድ አይደለችም?" አለው ጎረቤታችን ዋይስ።

"የእኔ ልብ ባሕር ላይ አትበርም! አርፈህ ቃም!"

አዲሷን የምታበረው ሻምበል ኒማ ናት። በዕድሜ ልጁ ልትሆን ትችላለች፤ አለቃ ከሌለ አጎቴ ትለዋለች። ባሕር ማዶ ብዙ ወራት ሠልጥና ነው የመጣችው።

"አጎቴ፣ ሞተሩ ቢጠፋ እንኳ እንደ ንስር ተንሳፍፋ ትወርዳለች" አለችው።

"ንስር የሚወርደው የሚያርፍበት ሲያይ ነው ልጄ። ከሥራችን ያለው ባሕር ነው።"

አንድ ማክሰኞ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ወዳለችው ኦቦክ የክሊኒክ መድኃኒት ሊሄድ ሆነ። ሁመድ ካርቶኖቹን አስሮ ጉንጩን ይዞ ሲያቃስት፣ ከዲጋ የምትባለው ባለቤቱ አዲስ ድሪያ ቀሚሷን ለብሳ፣ ዘንቢል አንጠልጥላ በግቢው በር ገባች። የኦቦክ ልጅ ናት፤ የወንድሟ ልጅ ሊዳር ነው። ለወታደር ቤተሰብ ሁለት ወንበር መትረፉን ሻምበሏ ነግራታለች።

"ወዴት ነው?" አለ ሁመድ፤ ጥርሱም ተረሳ።

"ሰርግ።"

"በጀልባ አትሄጂም?"

"በጀልባ አንጀቴ እስኪወጣ ላስመልስ? አንተ በባለ ሁለት ሞተርህ ስትበር አንድ ቀን ይዘኸኝ ሄደሃል? ሁልጊዜ 'ሞልቷል' ነው!"

"ከዲጋ፣ ይቺ አንድ ብቻ ነው ያላት!"

"እኔስ ያለኝ ባል ስንት ነው? ይኸው ከነጥርስ ሕመምህ ችዬህ እኖራለሁ። ዞር በል!"

አውሮፕላኗ ላይ ወጥታ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። እኛ ሳቅ ሊገድለን ነው። ሁመድ ቀበቶዋን ላስርላት ብሎ ተከትሏት ገባ፤ አሰረ፣ ፈታ፣ ደግሞ አሰረ። በመጨረሻ "የዚህችን ሴት ሞት ለወንድሞቿ ማን ይነግራል?" እያለ አጠገቧ ቁጭ አለና በሩ ተዘጋ።

ከዚያ ያለውን ከዲጋ ናት ያወራችልኝ። ሲነሱ ዓይኑን ጨፍኖ ቁርአን እየቀራ ነበር። ጥቂት እንደሄዱ ጎሸም አድርጋው፣ "ተመልከት፣ ያገርህ ተራራ!" አለችው። አንድ ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ ሁለቱንም።

ለካ በአሮጌው ላይ የሁመድ መቀመጫ ከኋላ፣ ከጆንያው መሐል ነበር፤ መስኮት የለውም። ያን ሁሉ ዓመት ሲበር አገሩን ከላይ አይቷት አያውቅም። አሁን ታጁራ ከነነጫጭ መስጊዶቿ በባሕሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ውሃው አንድ ቦታ እንደ ሰማይ፣ አንድ ቦታ እንደ አዲስ ቅጠል ነው። ጀርባው ነጠብጣብ የሆነ፣ ጀልባ የሚያህል ዓሣ ሲዋኝ አየ።

"ይኼ ሁሉ ከሥሬ ነበር?" አለ። ከዲጋ እንደምትለው በላይዋ ተንጠራርቶ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ። ቀጥሎም፣ "እስኪ ቦታ እንለዋወጥ" አላት።

"ሞቼ ነው!"

ኦቦክ የጠጠሩ ማረፊያ ሜዳ ላይ ሲያርፉ የሰርጉ ሴቶች በእልልታ ተቀበሏቸው። ሻምበል ኒማ ወርዳ፣ "እህ አጎቴ፣ ሞተሩስ እንዴት ነበር?" አለችው።

"የቱ ሞተር?" አለ ሁመድ፤ የምሩን ነው።

ከዲጋ ለሰርጉ ቀረች፤ እሱ መስኮቱን ለብቻው ይዞ ተመለሰ። አሁን በረራ ካመለጠው ያኮርፋል። መንገደኛውን ሁሉ "በግራ ተመልከት፣ አሁን በቀኝ" እያለ ዕረፍት ይነሳዋል። ባለፈው ሳምንት አንድ ኮሎኔል መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ማንኮራፋት ቢጀምር፣ ሁመድ ትከሻውን ነካ አድርጎ፣ "ጌታዬ፣ እንቅልፉ እዚያኛው ወንበር ላይም ይገኛል" አለው። ኮሎኔሉም ተነሥቶ ለቀቀለት።