ሁለት ሰው የሚያወርደው ማቆሚያ

አባቴ ሞተር ሳይክሉን የሚጠግነው ባዶ የለስላሳ ሣጥን ላይ ሰቅሎ ነበር። ሣጥኑን ከሞተሩ ሆድ ሥር ያስገባል፣ በትከሻው ገፋ ያደርገዋል፣ ከዚያ ጠጠር ላይ ተንበርክኮ ካቴናውን ዘይት ሲቀባ ይውላል። ሴቻ ሰፈር ያለው ግቢያችን ደግሞ ተዳፋት ነው፤ ኳስ ቢቀመጥበት ሳይነኩት አጥሩ ድረስ ይወርዳል። አንድ ቅዳሜ ሣጥኑ ተሰነጠቀና ሞተሩ እግሩ ላይ ወደቀ። እናቴና እኔ ተጋግዘን አነሳንለት። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ቁርጭምጭሚቱ ግን ማንጎ አክሎ አበጠ። በነጋታው እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ፣ ለሞተሩ ደህና ማቆሚያ እንድንፈልግ ጠየቀኝ።

የጠየቀኝ እኔን ነው፤ ወንድሞቼ በየፊናቸው ሄደው ቤት የቀረሁት እኔ ነኝ። ዞን መሥሪያ ቤት እሠራለሁ፣ ከቢሮዬ እስከ ቤቴ በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እናቴ አንዳንዴ «ባል ቢኖርሽ ማን ያግዘን ነበር?» ትለኛለች። ምስጋና ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁም።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ የከብት ሐኪም ነበር። ሐኪም የምለው ሰው ሲጠራው እንደሰማሁት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ረዳት የሚል ነው። የክትባቱን ሣጥን ከሞተሩ ኋላ አስሮ ደጋው ገረሴ ይወጣል፣ ጭጋግና ጭቃ ውስጥ ሰንብቶ ልብሱ በረት በረት እየሸተተ ይመለሳል። ጡረታ ሲወጣ የመንግሥትን ሞተር አስረክቦ የራሱን አሮጌ ሞተር ገዛ። በእግሩ የሚሄድ አባቴን አስቤው አላውቅም።

መንገድ መርሳት የጀመረው ሞተሩ እግሩ ላይ ከመውደቁ በፊት ነው። አንድ ቀን ታች ሲቀላ ሰፈር ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ አመሻሹ ላይ አባያ ሐይቅ ዳር፣ ሙዝ ማሳ ውስጥ ተገኘ። ነዳጅ ጨርሶ ሞተሩን እየገፋ ነበር። ያገኙት ዓሣ አጥማጆች ወዴት እንደሚሄድ ሲጠይቁት፣ ገረሴ ከብት ልከትብ ነው አላቸው። ገረሴ በሌላ አቅጣጫ፣ ተራራው ላይ ነው።

ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሙ እናቴንና እኔን ለብቻችን ጠርቶ፣ ከእንግዲህ ሞተር መንዳት የለበትም አለን። ለእሱ ግን እናንተው ብትነግሩት ይሻላል አለ። እናቴ «እናንተ» ያለው አንቺን ነው አለችኝ፤ እኔም አንቺን ነው አልኳት። በቤታችን አባቴን «አይሆንም» ብሎ የሚያውቅ ሰው የለም። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሲጮህ እንኳ ሰምቼው አላውቅም። ግን እኔ ባደግኩበት አካባቢ አባት ተናግሮ ልጅ ከመለሰ ጎረቤት ሁሉ ያፍራል። እናም ቁልፉን ደበቅን። ሁለት ጊዜ ደበቅን፤ ሁለቱንም ጊዜ ሽቦውን አገናኝቶ አስነሳውና፣ ቁልፍ መጣል አብዝቻለሁ እያለ ወጣ። እውነቱን ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይባላል። እኛ ሳንናገር መሸብን።

ማቆሚያ እንፈልግ ሲለኝ ታዲያ ያላሰብኩት በር የተከፈተልኝ መሰለኝ። እኔ መናገር ያቃተኝን ብረት ይናገርልኝ ብዬ አሰብኩ።

እግሩ ሲሻለው በባጃጅ ሲቀላ ወረድን። መጀመሪያ ያየነው ከውጭ የመጣ፣ የኋላውን ጎማ ብቻ ብድግ የሚያደርግ ቀይ ማቆሚያ ነበር። ከሥሩ ትንንሽ ጎማዎች አሉት። አባቴ ጎንበስ ብሎ በጣቱ አሽከረከራቸውና፣ ይሄ የሲሚንቶ ወለል ላለው ሰው ነው አለ፤ የእኛ ግቢ ጠጠር ይውጠዋል። ባለሱቁ የመኪና ክሪክ አመጣ። እሱም ማንሣቱን ያነሣል፣ ግን መሬት የሚይዝበት ብረት ጠባብ ነው። ክረምት ሲገባ በአንድ በኩል ጭቃ ውስጥ ይሰምጥና ሞተሩን ይጥለዋል። አባቴ አልተከራከረም፤ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ቁርጭምጭሚቱን አሳየው። እሱ የሚፈልገው በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚሠራበት ከፍታ፣ ሰፋ ያለ እግር፣ ከሥሩም ጠንካራ ሣንቃ ነበር። እንዲህ ያለውን በያጅ ካልሠራው ሱቅ አይሸጠውም።

ብየዳ ቤት ሄድን። አባቴ ከበያጁ ደብተር ላይ ቅጠል አስቀድዶ ማቆሚያውን ሣለ። ከመሬት እስከ ሞተሩ ሆድ፣ ከእግር መርገጫ እስከ እግር መርገጫ ስንት እንደሆነ በቃሉ ተናገረ። ቤት ገብቼ ስለካው ትክክል ነበር። የቤቱ መንገድ የጠፋበት ሰው ይህን እንዴት እንደሚያስታውስ አላውቅም። ከሁሉም አጥብቆ የጠየቀው ማውረጃውን ነው። በእግር ሲረገጥ ቀስ ብሎ እንዲወርድ፣ ማንንም ሳያስቸግር ለብቻው እንዲያወርደው ፈለገ። በያጁ በጥሞና ሰማው፤ ልጅ ሳለ አባቴ የእናቱን ላም አድኖለት ኖሯል፣ እሱንም አንስተው ሲጫወቱ ቆዩ።

በነጋታው ከቢሮ ስወጣ ብቻዬን ብየዳ ቤቱ ተመለስኩ። የእግር ማውረጃው ይቅር አልኩት። በምትኩ ግራና ቀኝ ወፍራም ብሎን ይግባ፣ ሁለቱ ካልተሳቡ አይውረድ፣ አንድ ሰው ሞተሩን ደግፎ ሌላው ካልሳበ ደግሞ ብሎኑ አይውጣ። በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

«አባባ ያውቃሉ?» አለኝ።

«ያውቃል» አልኩት።

ማቆሚያው በሳምንቱ ደረሰ። ሰማያዊ ተቀብቷል፣ ያምር ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና ኮርቼበታለሁ። ጎረቤት ጠርተን ሞተሩን ሰቀልነው። አባቴ በርጩማውን አስጠግቶ ካንዴላ ፈታ፣ ካርቡሬተር አጠበ፣ ምሳውንም እዚያው በላ። ከሰዓት በኋላ ሊያወርደው ሲል እግሩ ማውረጃውን ፈለገ። አጣው። አንዱን ብሎን ያዘ፣ ዞሮ ሌላውን ያዘ፣ ደግሞ ተመልሶ ዞረ። እኔ ልብስ እያሰጣሁ አየዋለሁ። በያጁ ተሳስቶ ነው አልኩት። ሰው ሲቸኩል እንዲህ ነው አለና እጁን በጨርቅ ጠረገ። ምንም ያላጠፋው ሰውዬ በእኔ ውሸት ተወቀሰ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ፣ ነይ እናውርደው ይለኛል። ቢሮ ረፍዶብኛል፣ ማታ እለዋለሁ። ማታ ደግሞ ደክሞኛል፣ ነገ። ዝናብ የመጣ ቀን ሰበብ ስለማላጣ ደስ ይለኝ ነበር። እናቴ አንድም ቀን አልተቆጣችኝም፣ አንድም ቀን አላገዘችኝም። ሁለት ወር ሲሆነው መጠየቁን ተወ። እፎይ አልኩ፤ ያ እፎይታ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ቀስ በቀስ የሚረሳው መንገድ ብቻ መሆኑ ቀረ። ቀኑ ጠፋበት፣ የመኝታ ቤቱ በር ጠፋበት፣ አንዳንዴ እናቴን የማን እንግዳ ናት ይላል። እኔን ግን አልረሳኝም ነበር። በዚህም እመካ ነበር፤ ሰው በምኑ አይመካም።

አንድ እሑድ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን እስክትመለስ እኔ ከእሱ ጋር ቤት ቀረሁ። ሻይ ይዤለት ስወጣ ከሽፈራው ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሞተሩ አጠገብ ተቀምጧል። ሲያየኝ ብድግ አለ። አባት ለልጁ አይነሣም። «ነይ እህቴ፣ ተቀመጪ» አለኝና በርጩማውን ለቀቀልኝ። «እህቴ» የሚለው ቤተ ክርስቲያን የሚያያትን፣ ስሟ የጠፋበትን ሴት ነው። እኔ እኮ ነኝ ልል ነበር፤ ፊቱ ላይ ያለው ትሕትና አንጀቴን በላውና ሻዩን ሰጥቼው ተቀመጥኩ።

እሱ ሣንቃው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና፣ እንግዳ ለማጫወት ይመስለኛል፣ ስለ ማቆሚያው ይነግረኝ ጀመር። ብረቱ ወፍራም እንደሆነ፣ ብየዳው እንደማይለቅ፣ ክረምቱን ሙሉ ምንም ሳይሰምጥ እንደቆመ። ከዚያ እጁን ብሎኑ ላይ አሳረፈ።

«ይቺን ያስገባችው ልጄ ናት» አለ። «እንዳልሄድ ብላ ነው።»

እንዴት እንዳወቀ ጠየቅኩት። ያ በያጅ የተነገረውን የሚስት ሰው አይደለም አለኝ፤ ሞተሩ የተሰቀለ ዕለት፣ እግሩ ማውረጃውን ያጣ ጊዜ፣ ወዲያው ገብቶታል።

«በአፏ ብትነግረኝ እተወው ነበር» አለ። «ትነግረኝ እንደሆነ ብዬ በየጠዋቱ ነይ እናውርደው እላት ነበር። ፈርታኝ ነው።»

ሻዩን ፉት አለና ጎረቤት እንዳይሰማ ይመስል ወደ እኔ ዘንበል አለ።

«ማወቄን እንዳትነግሪያት፣ እህቴ። ታዝናለች።»

አልነግራትም አልኩት።