አባቴ ያልገደሏቸው ዓሦች

ይህን ለወንድሜ አልነገርሁትም። ለባሌም፣ ለቄሳችንም ትንፍሽ አላልሁም። ሰባት ዓመት በሆዴ ይዤው ኖሬ ዛሬ ለማታውቀኝ ለአንተ ጽፌ መናገሬ ድፍረት እንዳይመስልህ፤ ፊትህን ስለማላየው ነው።

አባቴ እዚህ እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ከተማ፣ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጡ። እናቴ ከሞተች በኋላ ከእኔ ጋር ነበር የሚኖሩት። አንድ ቀን የመስታወት ገንዳና ስድስት ዓሣ ገዝተው መጡ። ኩህሊ ይባላሉ። ከጣት የማይረዝሙ፣ ቀጫጭን፣ ቢጫና ጥቁር ቀለበት የተደራረበባቸው ናቸው፤ ዓሣ ከምትላቸው ትንንሽ እባብ ብትላቸው ይቀላል። ቀን ቀን አሸዋው ውስጥ ተቀብረው ስለሚውሉ አይታዩም። ቅርፊት የሌለው ዓሣ ርኩስ ነው ብዬ ብቆጣ፣ አባቴ ልበላቸው ነው እንዴ ብለው ሳቁብኝ። በየምሽቱ ወንበራቸውን አስጠግተው ምግብ ይጥሉላቸውና እስኪወጡ ይጠብቃሉ። ስድስቱንም ሳያዩ እራት አይቀርቡም ነበር።

ብርድ የበረታበት አንድ ዓርብ፣ ሰንበት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ የልጄን ሸሚዝ ለመተኮስ ቸኮልሁ። ሳሎን ውስጥ ባዶ ሶኬት አጣሁ። የዓሦቹን ውኃ የሚያሞቀውንና የሚያጣራውን ገመድ ከግድግዳው ነቅዬ ካውያውን ሰካሁ። ተኩሼ ጨረስሁ፤ ካውያውን ነቀልሁና ሻማ ልለኩስ ሮጥሁ። ገመዱን መልሼ አልሰካሁትም። እኔ ነኝ የነቀልሁት። እኔ ነኝ ያልሰካሁት። በሰንበት የገንዳውን መብራት ስለማናበራ አባቴም ገንዳው አጠገብ አልተቀመጡም፤ ማንም ልብ አላለም።

ቅዳሜ፣ ሰንበት ሲወጣ፣ አባቴ ምግብ ጣሉ። አንድም አልወጣም። እጃቸውን ቢከቱ ውኃው በረዶ ሆኗል። አሸዋውን በጣታቸው ገለጥ ገለጥ እያደረጉ አንድ በአንድ አወጧቸው። ስድስቱንም መዳፋቸው ላይ ይዘው ቆሙ። ከዚያ የተነቀለውን ገመድ አዩት።

ማን ነቀለው አሉ፤ እንደ ቁጣም አልነበረም።

እኔ ነኝ ብል ምን ነበረበት? ማን ሊገርፈኝ? የአርባ ዓመት ሴት አልነበርሁም? ግን በዚያ ሳምንት አባቴ ሁለቴ ቁልፍ ረስተው ነበር፤ ውሸቱ ተሰናድቶ የጠበቀኝ መሰለኝ።

«እርስዎ ነዎት እኮ፣ አባባ» አልኋቸው። «ዓርብ ዕለት አቧራውን ልጥረግ ብለው ነቀሉት። ረሱት እንዴ?»

ገመዱን በእጃቸው አነሡት። ያልነበረውን ነገር ከልባቸው ውስጥ ሲፈልጉ፣ ሲፈልጉ፣ እኔ ቆሜ አየሁ።

«ይሆናል» አሉ በመጨረሻ። «እንግዲህ ልቤ ከድቶኛል ማለት ነው።»

እዚያው ላይ ማቆም እችል ነበር። አላቆምሁም። ወንድሜ ከሚኖርበት ሰፈር ከካርሜ ጋት ሲመጣ ለእሱም ያንኑ ደገምሁለት። ደግ ሰው ነው፤ ደነገጠ። ዛሬ ገመድ የረሱ ነገ ጋዝ ይረሳሉ አለ። ጋዙን እንዳይነኩ ከለከልናቸው። አባቴ አልተከራከሩም። በሳምንቱ የቤቱን ቁልፍ ራሳቸው አምጥተው እጄ ላይ አኖሩት። መንገዱ ይጠፋኛል ብለው ለብቻቸው ወደ ጸሎት ቤታችን፣ ወደ ቤት ክኔሴት፣ መሄድ ተዉ። መንገዱ እኮ ከቤታችን መስኮት ይታያል።

ኩፓት ሖሊም፣ ወደ ሕክምና ጣቢያችን፣ ወሰድኋቸው። ሐኪሟ ዛሬ ምን ቀን ነው ብላ ጠየቀቻቸው። ያውቁ ነበር፤ ጠዋት ራሳቸው ነግረውኛል። አሁን ግን ወደ እኔ ዞሩ። «ማክሰኞ መሰለኝ፤ አይደለም ልጄ?» አሉኝ። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርሁ። እርግጠኛ አይደሉም ብዬ በዕብራይስጥ ነገርኋት። እሷም ጻፈችው። ያን ዕለት ዓሣ አልነበረም የምገድለው።

አስተስርዮ ደረሰ። በዋዜማው ሰው ከሰው ይቅር ይባባላል። አባቴ ነጭ ለብሰው ማድ ቤት ድረስ መጡ። አባት በልጁ ፊት ጎንበስ ሲል አይቼ አላውቅም ነበር።

«ልጄ፣ ቤትሽ ውስጥ ስድስት ነፍስ አጠፋሁ» አሉኝ። «አንቺም ላይ ሸክም ሆንሁብሽ። ይቅር በይኝ።»

ከዚያ የተሻለ ሰዓት ከየት ይመጣል? አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። አፌን ከፈትሁ። እጄን በፎጣ ጠረግሁና፣

«ይቅር ብዬዎታለሁ፣ አባባ» አልኋቸው።

እግዜር ይስጥሽ ብለው ሄዱ። ቀለል ያላቸው ይመስሉ ነበር። በዚያው ዓመት ብርዱ ሳይወጣ አረፉ።

ሐዘን በተቀመጥንበት ሰባት ቀን፣ የመጣ ሰው ሁሉ አባትሽን በደንብ ጦረሻቸዋል አለኝ። አንገቴን ደፍቼ አሜን አልሁ። ወንድሜ ዛሬም ያመሰግነኛል።

ይቅርታ ልለምንህ አይደለም የጻፍሁልህ። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሰው እኔኑ ይቅርታ ለምነው፣ ከእኔው ተቀብለው ሄደዋል። ቸኩዬ ነበር አልልህም። ፈርቼ ነበርም አልልህም። አድርጌዋለሁ። ነገርሁህ፤ እንዳታጽናናኝ።