ከልጃቸው እግር ሥር የተጋደመው ወጣት

«ልጄ፣ ይሄ መሬት ላይ የተኛው ማነው?» አሉኝ ዛሬ ጠዋት አንዲት እናት፣ የኮምፒውተሬን ስክሪን በጣታቸው እየነኩ።

ላሊበላ ፎቶ ቤት አለኝ። ከጦርነቱ የተረፉ የውጊያ ፎቶዎችንም ከየሰዉ ስልክ እየሰበሰብኩ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጣለሁ።

እኚህ እናት ከብልባላ በእግራቸው ነው የመጡት። ልጃቸው ከግንባር አልተመለሰም። ጓደኛው ያመጣላቸውን ሚሞሪ ካርድ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ፎቶውን እንዳጥብላቸው ይዘውልኝ መጡ።

ሌላ ጊዜ አንድ ፋይል ለመክፈት ግማሽ ቀን የሚያስለምነኝ ኮምፒውተር ዛሬ ወዲያው ከፈተው።

ያለው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ልጃቸው ጠመንጃ ይዞ ይስቃል። ከእግሩ ሥር የሞተ ወጣት ተጋድሟል፤ ፊቱ በደንብ ይታያል።

«የወዲያኛው ወገን ነው፣ እማማ። ቆርጬ አወጣውና ልጅዎ ብቻውን ይሆናል» አልኳቸው።

ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው የወጣቱን ፊት አዩት።

«ቁረጠው። ግን እንዳትጥለው፤ የሱንም ለብቻው እጠበው። እኔ የልጄን ሬሳ እንኳ አላየሁም። የዚህም እናት እንደኔ በር በሩን ታይ ይሆናል። ጠያቂ ከመጣ ስጥልኝ።»

የልጃቸውን ይዘው ሄዱ። የሌላው ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ስሙን እንኳ አላውቅም።

እናንተስ ጋ እንዲህ ያለ ፎቶ አለ? ምን አደረጋችሁት?