ደምሴ ውሃ

እዚህ ውጭ አገር ሰንሻይን በሚባለው ሰፈር ያለው መካኒክ ከመኪናችን ታንክ የቀዳውን ቤንዚን በብርጭቆ ማሰሮ አድርጎ ወደ ብርሃን አነሳው። ከላይ ቢጫ ቤንዚን፣ ከሥር ጥርት ያለ ውሃ። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ አጠገቤ የተከመረ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ።

ልጄ ሶስና ደነገጠች። "ማም፣ አር ዩ ኦኬ? ውሃ እኮ ነው፤ ፊክስ ያደርገዋል።"

እንዲህ ያለ ማሰሮ ከዚያ በፊት ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በንጉሡ ጊዜ፣ ድሬዳዋ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በጋሼ ደምሴ እጅ።

ጋሼ ደምሴ የግድግዳ ጎረቤታችን ነበር። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ፊያት ታክሲ ይነዳል። ውድድር ያለ እንደሆነ እሑድ ያችኑ ፊያት መስታወቷን አውልቆ፣ የኋላ ወንበሯን አውጥቶ፣ በሮቿን በሽቦ ጠፍሮ ከከተማው ዳር ወዳለው አሸዋማ ሜዳ ይወስዳታል። አሸዋ የተሞሉ በርሜሎችን እየዞሩ ነበር የሚሽቀዳደሙት። አብዛኞቹ ግሪኮች፣ አርመኖችና ጣሊያኖች፣ ባለ ጋራዦች ነበሩ። ከሰፈራችን እሱ ብቻ ነበር። በሩ ላይ ሰባት ቁጥርን በኖራ ይጽፋል፤ ሰኞ ጠዋት አጥቦት ወደ ታክሲው ሥራ ይመለሳል። ጣቶቹ ከሞተር ዘይት ጸድተው አያውቁም። ልጦ የሚሰጠኝ የኤረር ብርቱካን ሁልጊዜ ትንሽ ቤንዚን ቤንዚን ይል ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን ስለማልቀር "እማሆይ" ይለኛል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ፊያቷ ሥር ተኝቶ ብሎን እያጠበቀ ጠራኝ።

"እማሆይ! ነገ ያንን ባለ ጋራዥ ግሪክ አቧራ አበላዋለሁ። ጸለይሽልኝ?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ጸሎትሽን ሰልባትዮው ውስጥ ጨምሪልኝ። ቤንዚን ተወዷል።"

እናቴ ከግቢያችን ሆና፣ "አንተ ሰውዬ፣ በእግዜር አትቀልድ!" አለችው። እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሰልባትዮ የሚለው የቤንዚኑን ታንክ መሆኑን አውቃለሁ፤ ክዳኑ የት እንዳለም አውቃለሁ።

እናቴ ከቁልቢ ያመጣችው ጠበል ራስጌዋ ባለ ጠርሙስ ውስጥ ነበር፤ እምነት የምንለው የተቀደሰው አመድ ተበጥብጦበታል። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ ጋሼ ደምሴ ቁርሱን ሲበላ፣ ክዳኑን ከፈትኩ። በስመ አብ ብዬ ጠርሙሱን በሙሉ ገለበጥኩት። ጠርሙሱን የቧንቧ ውሃ ሞልቼ መለስኩ። እናቴ ዓመቱን ሙሉ ያንን ስትጠጣ ከረመች፤ ይቅር ይበለኝ።

ፊያቷ እስከ ሜዳው በደህና ሄደች። ባንዲራው ሲወርድ አቧራው ተነሳ፤ ሰው ሁሉ በነጠላና በመሐረብ አፉን ሸፈነ። በሦስተኛው ዙር ጋሼ ደምሴ ፊት ነበር። መጠምዘዣው ላይ ሲደርስ ፊያቷ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሁለት ጊዜ ሳለች። ከዚያ ዝም አለች። ከኋላ የሚመጣው ግሪክ በአቧራው ውስጥ አላያትም።

የቆርቆሮው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። አቧራው ሲገለጥ ፊያቷ በጀርባዋ ተኝታ ጎማዎቿ ይዞራሉ። ጋሼ ደምሴን በመስኮት ጎትተው አወጡት፤ ቀኝ እግሩ የሰው እግር በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል። ሁሉም ይጮኻል። የሞተ መሰለኝ። ጠበል ሰው ይገድላል ብሎ ማን ነገረኝ?

ከሆስፒታል በክራንች ወጣ። በወጣ በማግስቱ የሰፈሩ ወንዶች ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። በድንጋይ ላይ ከቆመችው ፊያት የተረፈውን ቤንዚን በብርጭቆ ማሰሮ ቀዱለት። ከሥሩ ውሃ ነበር።

"ሴራ ነው!" አለ አንዱ። "ያ ግሪክ ነው ያስጨመረበት!"

"ምን እንጠብቃለን? ጋራዡን ማንደድ ነው!" ሌላው ዱላውን አነሳ።

ጋሼ ደምሴ አልመለሰላቸውም። ከውሃው በታች አመድ የመሰለ ግራጫ ደለል ነበር። ጣቱን ሰዶ አወጣው፤ በሁለት ጣቱ አሸው፤ አሸተተው። ከዚያ ቀና ብሎ ሰዎቹን አንድ በአንድ በዓይኑ አለፈና ከእናቴ ቀሚስ ኋላ የቆምኩትን እኔን አየኝ። 

"ቁጭ በሉ" አለ። "እኔው ነኝ። ውሃ የነበረበትን ጀሪካን ሳላጥብ ቤንዚን ቀድቼበት ነው።"

 ዱላ የያዘው ሰውዬ ሳቁን ለቀቀው። "አይ ደምሴ! አህያ መሰለችህ እንዴ ውሃ ያጠጣሃት?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ደምሴ ውሃ ሆነ። እግሩ አልታጠፍ ስላለ ታክሲውን ተወ። መኪና ልጠግን ቢልም፣ ጀሪካን ለማያጥብ ሰው ሞተሩን የሚሰጥ ጠፋ። ብስክሌት እየጠገነ ኖረ። ለእኔ ስለዚያ ነገር የተናገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ብርቱካን እየላጠ።

"እማሆይ፣ ከእንግዲህ ስትጸልዪልኝ በአፍሽ ብቻ ይሁን።" ገምሶ ሰጠኝ።

ባለፈው ዓመት እህቴ ከድሬዳዋ ደውላ ማረፉን ነገረችኝ። ለቅሶው ላይ እንኳ የውሃውን ነገር አንስተው ሳቁ አለችኝ። እሷም ሳቀች። እኔ ምክንያት ፈጥሬ ስልኩን ዘጋሁ። ለንስሐ አባቴ እንጂ ለሌላ ሰው ተናግሬው አላውቅም ነበር።

መኪናው ተሠርቶ ከሰንሻይን ስንመለስ ለሶስና ነገርኳት። መንገድ ዳር አቆመች።

"እና እዚያ ያሉት ሰዎች አሁንም እሱ ነው ብለው ነው የሚያስቡት?"

"አዎ።"

"ማም! ሶ ንገሪያቸዋ!"

ልጄ እውነቷን ነው፤ ይኸው ለሰፈሬ ሰዎች እጽፋለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤት አድርጎ የሰጠኝ አምላክ ይመስገን። ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ደምሴ ጀሪካኑን ሁለት ጊዜ አጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደፍቶ፣ መድረቁን በእጁ ዳብሶ ሳያይ ቤንዚን የማይቀዳ ሰው ነበር።