ቆይተህ ቅበረኝ

የወንድሜ ስም ዱሮሲንሚ ነው። «ቆይተህ ቅበረኝ» ማለት ነው። ስሙን ያወጣችው እናታችን ናት፤ ለጌጥም አላወጣችውም። ከሱ በፊት ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በእግራቸው ሮጥ ሮጥ ማለት ሲጀምሩ ሞተውባታል። እኛ በናይጄሪያ የኢሴዪን ከተማ ሰዎች እንዲህ ያለውን ልጅ አቢኩ እንለዋለን። ሦስት ልጅ አይደለም፣ ያው አንዱ ነው፤ በእናቱ ሊያሾፍ እየመጣ የሚሄድ ነው እንላለን። ስለዚህ አይለቀስለትም። ይሰደባል፣ ይለመናል፣ እግሩ ላይ ቃጭል ይታሰርለታል፣ ስሙ ራሱ ልመና ይሆናል። አንዱ «አብረኸኝ ተቀመጥ» ይባላል፣ ሌላው «መቆፈሪያ የለንም»። የእኛው «ቆይተህ ቅበረኝ» ተባለ፤ ይኸው አሁን ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

እኔ ታናሽ እህቱ ሲዲካት ነኝ። ጤነኛና ወፍራም ሆኜ ስለተወለድኩ ማንም ቆዪልን ብሎ አልለመነኝም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል። ደግሞ በእኛ ዘንድ ታላቅ በስሙ አይጠራም። «ቦዳ» ነው የምለው፣ ሳናግረውም አንቱ እያልኩ ነው። የሚበልጠኝ አራት ዓመት ብቻ ነው፤ ቢሆንም አንቱ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው እጅና እግሩ አብጦ ሦስት ቀን ስለጮኸ እናታችን እሱን በጀርባዋ አዝላ፣ እኔን በእጄ ይዛ ትልቁ ከተማ ኢባዳን ድረስ ወሰደችው። እዚያ አንድ ወጣት ሐኪም ደሙን መርምሮ አስረዳት። በሽታው ሲክል ሴል ይባላል፤ ከአባትም ከእናትም የሚወረስ ነው፤ ደሙ እንደ ማጭድ እየታጠፈ የሥሩን መንገድ ይዘጋል፣ ሕመሙም ከዚያ ነው አላት።

«ታዲያ በፊት የመጣውስ?» አለች እናቴ።

«የትኛው?»

«ሦስቴ የመጣው።»

ሐኪሙ ነገሩ ገባው። «እናቴ፣ ሦስቴ የመጣ ልጅ የለም። ሦስት ልጆች ናቸው» አላት።

በአውቶቡስ ተመለስን። ቤት ስንገባ በሩን ዘግታ ለመጀመሪያው አለቀሰች። ዝም አለችና ለሁለተኛው አለቀሰች። ከዚያ ለሦስተኛው። ያን ሁሉ ዓመት ባለጌ እያለች ስትሰድብ የኖረችው ሦስት የታመሙ ሕፃናት ነበሩ። እኔ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ እሰማ ነበር። በማግስቱ ቃጭሉን ከእግሩ ፈታችና ትልቅ የውኃ ማሰሮ ገዛችለት፤ ውኃ በብዛት ይጠጣ ብሏት ነበርና ሐኪሙ።

ወንድሜ እንደ አባታችን ሸማኔ ሆነ። ዓይኑ ቢጫ ነው፣ እግሩ ሸምበቆ ነው፣ ምላሱ ግን ሙሉ ጤነኛ ነው። ድሩን በግቢው ርዝመት ዘርግቶ፣ ጫፉን በድንጋይ አስይዞ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል ይቀመጣል። ደንበኛ መጥታ «አሁንም አሉ እንዴ?» ስትለው «ሞቼ ነበር፣ ቀጠሮሽ ትዝ ቢለኝ ተመለስኩ» ይላታል። ስም ሲወጣለት «ይሄማ ለዓመቱም አይደርስ» ብለው ተንሾካሹከው የሄዱ ጎረቤቶች ነበሩ። የልጅ ልጆቻቸውን የሠርግ ልብስ የሸመነው እሱ ነው። ኩራት ኃጢአት ከሆነ እኔ በዚህ ወንድሜ ስንት ጊዜ ኃጢአት ሠርቻለሁ!

ሆስፒታሉ ግን በቀጠሮ አይጠራውም። እየሳቀ ምሳ ሲበላ ሕመሙ ይይዘዋል፣ የሙሽራ ልብስ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ይይዘዋል። አንሶላ፣ ኩባያ፣ ሹራብና ትንሽ ሬዲዮ የያዘች ቦርሳ ዓመቱን ሙሉ ከበሩ ጀርባ ተንጠልጥላለች። ሆስፒታል ሲገባ መወርወሪያው ድሩ መሐል እንዳለ ይቀራል፤ እናታችንም በርጩማዋን አምጥታ ሽመናው አጠገብ ቁጭ ትላለች። አንድ ጊዜ ታናሽ ወንድሟ አጎቴ ጋኒዩ «ደንበኛ ከሚቀየም ሌላ ሸማኔ ይጨርሰው» ቢላት ዘነዘና አንሥታ ተነሣችበት። «መወርወሪያዋን ማንም ንክች አያደርጋትም! ልጄ ገበያ ነው የሄደው!» አለችው። ከሃያ ቀን በኋላ ልጇ መጥቶ ካቆመበት ቀጠለ።

ባለፈው በጋ፣ ያ ደረቁ ነፋስ አቧራውን ይዞ በመጣበት ሰሞን፣ ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ደረቱን ወጋው። ቦርሳዋን አንሥቼ የከተማችን ሆስፒታል አስገባሁትና አብሬው አደርኩ። ሐሙስ ጠዋት ደም ተሰቅሎለት ሳለ አጎቴ ጋኒዩ ደወለ።

«ሲዲካት፣ አልጋው አጠገብ ነሽ?»

«አዎ።»

«እስቲ ወደ ውጭ ውጪ።»

ሳይነግረኝ ገባኝ። እናቴ የንጋት ሶላቷን ሰግዳ፣ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠች ግድግዳውን ደገፍ ብላ ሄዳለች። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነበር።

«አሥር ሰዓት ላይ፣ ልክ ከአሱር ሶላት በኋላ እንቀብራለን። ሬሳ አይቆይም። ለሱ ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ሲሻለው እኔ ራሴ አረዳዋለሁ» አለኝ።

«አጎቴ፣ ስሙ እኮ...»

«ስሙን አውቀዋለሁ! ስም እናክብር ብለን ሁለት ሰው እንቅበር?»

እንባዬን ጠራርጌ ገባሁ። ወንድሜ ዓይኑን ገልጦ «ማን ነው የደወለው?» አለኝ።

«ተሳስተው ነው።»

«ተሳስቶ የደወለ ሰው እንዲህ ያስለቅሳል?»

ቆሜ አሰብኩ። ብነግረው ሕመሙ ይብስበት ይሆናል፤ ደንግጦ ቢሞት ገዳዩ እኔ ነኝ። ባልነግረው ደግሞ ድኖ ይወጣና ቤቱ ሲደርስ የመቃብሯን አፈር ደርቆ ያገኘዋል። የአጥንት ሕመሙን መቶ ጊዜ አልፎታል፤ ይህን ግን የሚያልፈው አልመሰለኝም። አልጋው ሥር ተንበረከክሁ።

«ቦዳ፣ እማዬ ሄደች።»

 እንባው በጆሮው በኩል ወረደ። ከዚያ «ተቀበረች?» አለኝ።

«ገና ናት። ከአሱር በኋላ ነው።»

«በይ ጫማዬን አምጪ።»

ዶክተር ኦዬላዴ፣ በዕድሜ ልጁ የምትሆን ሴት፣ እየሮጠች መጣች። «አባባ፣ ይህን ደም ሳይጨርሱ? ኦክስጅንዎ ዝቅ ብሏል። ከበሩም አያልፉ!»

እሱም ከአልጋው ግርጌ የተንጠለጠለውን ካርድ ጠቆማት። «የማን አገር ልጅ ነሽ? የኛው አይደለሽም? እስቲ እዚያ ላይ የተጻፈውን አንብቢልኝ።»

«ዱሮሲንሚ» አለች፤ መጀመሪያ እንደ ስም ነበር ያነበበችው። ደግማ በልቧ ስታነበው ግን እንደ ቃል አነበበችው። ካርዱን ቀስ ብላ ወደ ቦታው መለሰችው።

«ደሙ ሳያልቅ ንቅንቅ የለም። ነርስና ኦክስጅን አብረው ይሄዳሉ። ሁለት ሰዓት ሰጥቼዎታለሁ፤ ካሳለፉ መጥቼ ከለቅሶው መሐል ነው የምወስድዎት» አለችው።

ለአጎቴ ስነግረው የስድብ ዓይነት አወረደብኝ። «እስከ አሱር ነው! ከዚያ ወዲያ ንጉሥም ቢሆን አልጠብቅ!» ብሎ ዘጋው። ያ ደም ደግሞ ጠብ... ጠብ... ይላል። ሰዓቴን ሳይ፣ ጠብታውን ሳይ ነፍሴ ልትወጣ! ዘጠኝ ተኩል ላይ አለቀ። ነርሱ የኦክስጅን ዕቃውን አቅፎ፣ እኔ ወንድሜን አቅፌ በመኪና ከነፍን።

ስንደርስ ተሰግዶ አልቋል። እናታችን እንደ ልማዳችን በግቢው በተቆፈረው ጉድጓድ ወርዳለች፤ አካፋ የያዙት ጎንበስ ብለዋል። ከጉድጓዱ አፋፍ እጁን ዘርግቶ የቆመባቸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አጎቴ ጋኒዩ።

«እንዳትጀምሩ ብያለሁ! ባለቤቱ መጣ፣ አሳልፉት!» ብሎ ጮኸ።

ሁለት ሸማኔዎች በብብቱ ያዙት። እጁ ላይ ያለው የመርፌ ፋሻ አፈር እየነካው ሦስት እፍኝ ዘገነና መለሰባት። «እማዬ፣ ቆየሁልሽ» አለ። ያ ሁሉ ወንድ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ቀና አልኩ፤ ለዓመቱ አይደርስም የተባለው ሰው እናቱን በእጁ ሲቀብር አገር ሁሉ እንዲያየኝ ፈለግሁ።

ከዚያ ግድግዳ ጥግ አስቀመጥነው። ነርሱ ኦክስጅኑን አፍንጫው ላይ አደረገለት። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ አለና «እንግዲህ ሥራዬን ጨረስኩ» አለ።

 እስከ ዛሬ በሕይወት ያቆየው ስሙ ከሆነስ? ስሙ ደግሞ ዛሬ ተፈጸመ። ፍርሃቴ ቁጣ ሆኖ ወጣ።

«አንተ!» አልኩት። ሃምሳ አምስት ዓመት ሙሉ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። «አንተ! ጨረስክ ያለህ ማን ነው? እኔንስ ማን ይቀብረኛል?»

ዓይኑን ገለጠ። «አንቺማ ጤነኛ ነሽ፣ ዘጠና ዓመት ትኖሪያለሽ።»

«መቶ ነው የምኖረው! ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ!»

«አንተ አልሽኝ?»

«አልኩህ!»

ትንሽ አየኝና እጁን ዘረጋልኝ። «በይ አንሺኝ፤ ሁለት ሰዓቱ ሳያልፍ ሆስፒታል መልሺኝ» አለኝ።